በልጅ ቦታ

ባለቤቴን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ዞሬ ልምጣ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው ማለት ይቻላል። ምንም ነገር ብትጠይቁት፣ የሥራ ይሁን የምሳ፣ «ቆይ፣ አንዴ ዞሬ ልምጣ» ይላል። ከዚያ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞርና መልሱን ይዞ ይመጣል። እኔም ደርሶብኛል። እንጋባ ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ተሰልፈን አውቶቡስ ስንጠብቅ ነበር። «ቆይ» አለኝና በሕንፃው ጥግ ታጥፎ ጠፋ። አውቶቡሱ መጣ፣ ሰው ጫነ፣ ሄደ። ፊቴን የት ላድርገው እያልኩ ቆሜ ሳለ በሌላው ጥግ ብቅ ብሎ «እሺ» አለ። ከዚያ ወዲህ ሲዞር አልሰጋም።

ያሳደጉት እቴቴ ናቸው። እናቱ የሞተችው እሱ ገና የወተት ጥርሱን ሳይነቅል ነው፤ አባቱ ከዚያ በፊት እንደወጣ የቀረ ሰው ነው። እቴቴ በአንድ ግቢ ግድግዳ ለግድግዳ የሚኖሩ ጎረቤት ነበሩ፤ ስልክ ቤት ተቀምጠው ሽቦ እየሰኩና እየነቀሉ ሰውን ከሰው ሲያገናኙ የኖሩ ሴት። ልጅ አልወለዱም። እናቱ የተቀበረች ዕለት ማንንም ሳያማክሩ የልጁን ፍራሽ ጠቅልለው ወደ ክፍላቸው ወሰዱ፤ እሱም ፍራሹን ተከትሎ ገባ። በቃ፣ ይኸው ነው። ወረቀት የለ፣ ፍርድ ቤት የለ፣ የጠየቃቸውም የለ። «እናቴ» ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም፤ እሳቸውም ጥራኝ አላሉትም። ግቢው ሁሉ እንደሚጠራቸው «እቴቴ» ነው የሚላቸው። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ሰው «አንቺ» የሚላቸው እሱ ብቻ ነው።

እኔ ለእሳቸው ምራት ስሆን መጀመሪያ ፈርቻቸው ነበር። ድምፃቸው ከአጥር ወዲያ ይሰማል፤ የማይስማማቸውን ነገር ውስጣቸው አያሳድሩም። እያደር ግን እሳቸው የሚያዳምጡትን ያህል የሚያዳምጥ ሰው አላየሁም። ሰው መጀመሪያ የሚናገረው የፈለገውን እንዳልሆነ፣ የፈለገው ሁለተኛው ላይ እንደሚመጣ ስልክ ቤት መማራቸውን ነግረውኛል። ባለቤቴን «ምን ሆነሃል?» ብለው ይጠይቁትና «ምንም» ሲል ዝም ይሉታል። ሁለተኛውን ይጠብቃሉ።

እንግዲህ ሥራው ለሐኪም ቤቶች የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። አንዱ ሐኪም ቤት የታካሚን መረጃ ለሌላው ሲልክ ሁለቱ እንዲግባቡ መረጃው በአንድ ዓይነት አጻጻፍ መጻፍ አለበት። ኤክስኤምኤል ይሉታል፤ እያንዳንዱ ነገር ስሙ ከፊቱና ከኋላው ተጽፎበት፣ አንዱ በሌላው ሆድ እየገባ የሚቀመጥበት ነው። ምን በምን ውስጥ እንደሚገባ፣ የቱ ግዴታ የቱ ፈቃድ እንደሆነ የሚናገር ሌላ ጽሑፍ ደግሞ አለ፤ እሱን ስኪማ ይሉታል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። መጀመሪያ የነገረኝ ጨርቅ ላይ ወረቀት ዘርግቼ እጅጌ ስቆርጥ ነበር። ወረቀቱን በጣቱ ነካ አድርጎ «ይሄ ቀሚስ ነው?» አለኝ። ቀሚሱ እንዴት እንደሚቆረጥ የሚያሳይ ነው እንጂ ቀሚስስ አይደለም አልኩት። ስኪማም እንደዚያው ነው ብሎኝ፣ ደስ ብሎት፣ መቀሴን በእጁ እያሽከረከረ ወጣ። እስኪመሽ መቀስ ስፈልግ ዋልኩ።

ከበላይ መሥሪያ ቤት የወጣው ስኪማ ግን የአንድ ቀሚስ ወረቀት አልነበረም። ፋይሉ ብዙ ነው፤ አንዱ ሌላውን ይጠራል፣ የተጠራው ደግሞ ሦስተኛውን። የባለቤቴ ድርሻ በዚያ ሁሉ ውስጥ የሚዘዋወር ኮድ መጻፍ ነበር። ኮዱ «ታካሚ» ከሚለው ይነሳና ወደ ውስጥ ይገባል። «አድራሻ» ጋ ሲደርስ የአድራሻው ዝርዝር እዚያኛው ፋይል ነው ይባላል፤ ሄዶ ያያል፣ ወደ ተነሳበት ተመልሶ ይቀጥላል። ባየው ልክ ደግሞ የሐኪም ቤት መዝጋቢዎች የሚሞሉትን ገጽ ራሱ ያዘጋጃል፤ ስም የሚጻፍበትን፣ ቀን የሚመረጥበትን፣ ሁሉንም። ስኪማው በተለወጠ ቁጥር ሰው ተቀምጦ ገጹን በእጁ እንዳይሠራ ነው ነገሩ።

መጀመሪያ ያስቸገረው «የቅርብ ሰው» የሚለው ነበር። የታካሚው የቅርብ ሰው ራሱ ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ የራሱ የቅርብ ሰው አለው፤ ያም እንዲሁ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነበት። ኮዱ ያንኑ እየከፈተ እየገባ፣ እየከፈተ እየገባ፣ ኮምፒውተሩ ተዝለፍልፎ ይቆማል። ይህን እሑድ ዕለት እቴቴ ጋ ስንሄድ ቢያወራላቸው፣ እሳቸው ምንም አልገረማቸውም። «ዘመድ ድሮም እንዲያ ነው» አሉ፣ «አንዱን ስትጠራ አምስት አስከትሎ ይመጣል። በር ላይ ቆሞ የገባውን የሚለይ ሰው ነው የሚያስፈልግህ።» እሱም ያደረገው ይህንኑ የሚመስል ነገር ነው፤ ኮዱ በገባበት ሁሉ ምልክት እያኖረ እንዲሄድ፣ ምልክት ያለበት ሲያጋጥመው ሁለተኛ እንዳይገባ። ያ የተሳካለት ቀን እራቱን ቆሞ በላ፤ ተቀመጥ ብለውም አልሰማኝም።

ፕሮግራሙ በአንድ ሐኪም ቤት ሥራ ላይ ዋለ። በዚያ ሐኪም ቤት በኩል ባለፍን ቁጥር እርምጃው ይቀንሳል። መስኮቱን ያያል። እኔም እንዳላየ ሆኜ እርምጃዬን እቀንሳለሁ።

አንድ ጠዋት ከእቴቴ ግቢ ተደወለ። ክፍላቸው መግቢያ ላይ ደፉ አደናቅፏቸው ወድቀዋል፤ መነሳት አቅቷቸዋል። ስንደርስ ጎረቤቶቹ ትራስ ደግፈውላቸው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ነጭ ሆኗል፤ ግን የደገፏቸውን ሰዎች አያያዝ እያረሙ ነበር። የዳሌ አጥንት ስብራት መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው። የወሰድናቸው ወደዚያው፣ የባለቤቴ ፕሮግራም ወዳለበት ሐኪም ቤት ነው።

የምዝገባው ክፍል ጠባብ ነው፤ አንድ ረጅም መስተዋት፣ ከኋላው ሁለት መዝጋቢዎች፣ ከፊቱ እርስ በርሳቸው የተያያዙ የፕላስቲክ ወንበሮች። እቴቴ ተሽከርካሪ አልጋ ላይ ናቸው። መዝጋቢዋ ወጣት ናት፣ እጇ ፈጣን። ስም ጠየቀች፣ ጻፈች፤ አድራሻ ጠየቀች፣ ጻፈች። ባለቤቴ በጭንቀቱ መሃል እንኳ አንገቱን አስረዝሞ ገጹን ያያል።

«ጋሼ፣ ወደ ኋላ ይበሉልኝ» አለችው።

ወደ ኋላ አለ። ከዚያ የቅርብ ሰው ላይ ደረሰች። ታካሚዋ መናገር ባይችሉ ስለ ሕክምናው የሚጠየቀው እሱ ስለሆነ ይህ ሳይሞላ ቀዶ ሕክምና የለም። ልጃቸው እንደሆነ ጠየቀችው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የመጣው። ባለቤቴ ሌላ ቦታ ቢሆን ምን እንደሚል አላውቅም። ግን ያ ገጽ የሱ ነው፤ የሱ ገጽ ላይ ያልሆነ ነገር እንዲጻፍ አይፈልግም። በዚያ ላይ ፋይሎቹን ሲያገላብጥ «ማደጎ» የሚል ቃል አንድ ቦታ ማየቱ ትዝ አለው።

«ማደጎ ነኝ» አላት። «ማደጎ የሚል ምርጫ ይኖራል፣ እዩት እስቲ።»

አየች። ባል፣ ሚስት፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት። ማደጎ የሚል የለም አለችው። መኖር አለበት አላት፤ ከሱ ወዲያ የሚያውቅ የለም፤ ስኪማው ውስጥ በዓይኑ አይቶታል። እሷ ስኪማ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ወረፋው ከኋላችን ተንጫጫ። ክርክሩ እየረዘመ ሳለ ከአልጋው ላይ የእቴቴ ድምፅ መጣ፤ እንደ ወትሮው አልጮኸም።

«ልጅ ብለሽ ጻፊው፣ የኔ ልጅ። እሱ እስኪስማማ እግሬ ራሱ ይገጥማል።»

ሰው ሳቀ። መዝጋቢዋም ፈገግ ብላ «ልጅ» ብላ ጻፈች። ወረቀቱን በመስተዋቱ ሥር ስታሾልክልን ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅ ነኝ የሚል ሰው የልደት ማስረጃ እንዲያቀርብ መመሪያ እንዳለና የኛን ግን እንዳላየ ማለፏን ነገረችን። ሌላ ቀን ሌላ ሰው ቢሆን ይመልሰን ነበር። በቅርቡ አንዲት ሴት ያሳደጓትን ሽማግሌ ይዛ መጥታ፣ ልጅ ብላ መዋሸት አልፈልግም ብትል፣ በዚያኛው መስኮት የሥጋ ዘመድ አምጪ ተብላ ተመልሳለች። ሴትየዋ ግማሽ ቀን ስታለቅስ ውላ የሽማግሌውን የእህት ልጅ ከሩቅ አስጠርታለች።

የባለቤቴ ቀልብ ተገፈፈ። አልጋውን እየገፋ ሲሄድ በር እንኳ አልታየውም፤ የአልጋውን ጥግ ከበሩ አጋጨው። እቴቴ «ቀስ» አሉ እንጂ ሌላ አልተናገሩም። ክፍል ገብተው ትራስ ሲያስተካክልላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። ምን ሆንሽ አላቸው። ምንም አሉት። ሁለተኛውን የመጠበቅ ልማድ የሳቸው እንጂ የሱ አይደለም፤ ትራሱን እንደገና ማስተካከል ያዘ።

በኋላ ራሳቸው ተናገሩት።

«ልጅ ለመባል ያን ያህል አሰብክ?»

ስለ ኮድ፣ ስለ ትክክለኛ መረጃ ሊያስረዳቸው ጀመረ። እጃቸውን አነሱበት፤ ደክሞኛል፣ ልተኛ አሉ። በሕይወቱ ከሳቸው ጋር ተጣልቶ ያውቃል፤ ሰሃን ተወርውሮበት ያውቃል። እንዲህ ያለ ጸጥታ ግን አያውቅም። ወጥቶ ኮሪደሩን ሲዞር በበሩ መስኮት አየዋለሁ፤ ያልፋል፣ ይመለሳል፣ ያልፋል። መልስ ይዞ አልመጣም።

አጠገቤ ሲቀመጥ አንጀቴን በላው። ላጽናናው ስል ስለ ማደጎ ጠየቅሁት፤ አይቼዋለሁ ካልክ ለምን ጠፋ አልኩት። ያን ጊዜ ነው ቁጭ ባለበት የገባው። «ልጅ» በተጻፈበት ፋይል ላይ ስለ ማደጎ አንድም ቃል የለም። ማደጎ የተጻፈው ሌላ ፋይል ላይ ነው፤ እዚያም «እኔ በልጅ ቦታ መቆም እችላለሁ» የሚል አንድ መስመር አለው። ማደጎ ልጅን ይጠቅሳል፤ ልጅ ግን ማደጎን አይጠቅስም። የሱ ኮድ ደግሞ ከላይ ጀምሮ የተጠራውን እየተከተለ ነው የሚወርደው። ማደጎን የሚጠራ ስለሌለ ኮዱ ደጁን ረግጦት አያውቅም።

«ስህተቱ የኔ ነው» አለኝ። «ያቺ ሴት የተመለሰችው በኔ ነው።» ምንም ብለው አልተጽናናም፤ እኔም ብዙ አልሞከርኩ።

ቀዶ ሕክምናው በማግስቱ ጠዋት ሆነ። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን እሱ የጃኬቱን ቁልፍ እያዞረ፣ እየነቀለ ሊጨርሰው ነው፤ ለወትሮው የሚዞረው ሰውዬ ያን ዕለት ከወንበሩ አልተነሳም። ሐኪሟ ጭንብሏን አውርዳ ብቅ ስትልና የታካሚዋ ቤተሰብ ማነው ስትል ግን ወንበሩን ገልብጦ ነው የተነሳው።

«ልጇ ነኝ።»

ደህና መሆናቸውን፣ አጥንቱ በብረት መያዙን፣ ከሁለት ቀን በኋላ ቆመው መራመድ እንደሚጀምሩ ነገረችን። እሱ ራሱን ይነቀንቃል፣ የሰማው ግን አይመስለኝም። እኔ ወንበሩን አነሳሁ።

እቴቴ ሲነቁ ይህን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ምራት ነኝ፤ ወሬ ማቀበል መብቴ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ወንበሩ ወድቆ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። ወድቋል አልኳቸው። ድምፅ ነበረው? ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው በሙሉ ነው የዞረው አልኳቸው። እንደገና ንገሪኝ አሉኝ፤ እንደገና ነገርኳቸው።

ማታ እሱ ሾርባ ይዞ ገባ። እያጎረሳቸው በመሃል ጀመረው፤ እኔ መስኮቱ ጋ ሆኜ ፎጣ አጥፋለሁ። በዚያ መዝገብ ላይ ማደጎ ተብሎ የተጻፈ ሰው ልጅ ሊቆምበት በሚችልበት ቦታ ሁሉ እንደሚቆም፣ ለልጅ የሚፈቀደው ሁሉ እንደሚፈቀድለት፣ ማንም የልደት ማስረጃ አምጣ ብሎ እንደማይመልሰው ነገራቸው። ያን ቃል የፈለገው ለዚህ ነው እንጂ ለመራቅ አይደለም።

እቴቴ ሾርባውን ዋጡና አሰቡ።

«ታዲያ ከልጅ በምን ይለያል?»

«በስሙ ብቻ።»

«እንግዲያው ስሙን ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች አድርስላቸው። ያቺን ሴት ዳግመኛ እንዳያስለቅሷት። አንተ ግን አያስፈልግህም።» ከዚያ ማንኪያውን በአገጫቸው እያመለከቱ «ጨው የለውም ይሄ» አሉ።

እሱ ሳቀ፣ ዓይኑ ግን ሞልቶ ነበር። ጨው ፍለጋ ብሎ ወጣና ጥቂት ቆይቶ ያለ ጨው ተመለሰ።

መሥሪያ ቤት ሲመለስ መጀመሪያ ያደረገው አለቃው ቢሮ ገብቶ ጥፋቱን መናገር ነው። አለቃው ክፉ ሰው አይደለም፤ ቸኩሎ የኖረ ነው። ማደጎ የሚለውን ዛሬውኑ በእጅህ ጨምርበትና እንገላገል አለው። ባለቤቴ ግን እምቢ አለ። ይህችን ስህተት እቴቴ ወድቀው አየናት፤ ሌላ ያላየነው ቢኖርስ ማን ወድቆ እናገኘዋለን? አለው። አለቃው ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ፣ እንግዲያው ዞረህ ና አለው።

የኮዱን አካሄድ ከሥሩ ለወጠው። ከእንግዲህ ወዲያው ወደ ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ ፋይሎቹን ሁሉ፣ የተጠራውንም ያልተጠራውንም፣ አንድ በአንድ ይጎበኝና «በእገሌ ቦታ እቆማለሁ» የሚለውን ሁሉ ይሰበስባል። ከዚያ በኋላ ነው ከላይ ጀምሮ የሚወርደው፤ «ልጅ» ጋ ሲደርስ በልጅ ቦታ የሚቆም ካለ እሱንም አብሮ ያያል። በዚህም አላበቃም፤ የተካውን የሚተካ አገኘ፤ በፍርድ ቤት የተሾመ ሞግዚት በአሳዳጊ ቦታ ይቆማል፣ አሳዳጊ ደግሞ በወላጅ ቦታ። ያንንም እስከ ጫፉ እንዲከተል አደረገው። እውነትም ሌላ ወድቆ የቀረ ነበር፤ የመድኃኒት አለርጂ ገጹ ላይ ነበረ፣ የምግብ አለርጂ የሚለው ግን ማንም ሳያየው ሌላ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። አለቃው ይህን ሲያይ ሻይ አዘዘለት። በዚያ ቤት ሻይ መታዘዝ ቀላል ነገር አይደለም።

አዲሱ ገጽ ሐኪም ቤቱ በገባ ሰሞን የእቴቴን ቁስል ለማሳየት ሄደን ነበር። ያቺው መዝጋቢ አወቀችን። ገጹን ከፍታ፣ ጋሼ፣ የፈለጉት መጥቷል፣ ልለውጥልዎ? አለችው። ባለቤቴ እቴቴን አየ። እቴቴ የእጅ ቦርሳቸውን ከፍተው የሌለ ነገር ይፈልጋሉ።

«እንዳለ ተዪው» አላት።

እቴቴ ቦርሳቸውን ዘጉ።

እስኪያገግሙ እኛ ጋ ሰነበቱ። እውነቱን ለመናገር ቀላል አልነበረም። የስፌት መኪናዬ ያስጮሃቸዋል፣ የሳቸው ራዲዮ እኔን። ደንበኞቼ ልብስ ሊለኩ ሲመጡ ከሶፋው ላይ ሆነው ወገቡ ላይ አስፊው፣ ሰውየው ራሱን አታሎ ነው የመጣው ይላሉ። አንዱ ደንበኛ ተቀይሞ ቀረ፤ ሌሎቹ ግን የሳቸውን አስተያየት ሳይሰሙ ልብስ አይቀበሉም ነበር። በምርኩዝ ሳሎኑን ማቋረጥ ሲጀምሩ እኔና ባለቤቴ እዚሁ ይቅሩ ብለን ተነጋገርን፤ ለሳቸውም ነገርናቸው። አሰቡበት፣ አመሰገኑን፣ እና እቃቸውን ጠቀለሉ። ግቢያቸው ይሻላቸዋል፤ እዚያ የሚያውቁት ድምፅ አለ።

ስንወስዳቸው ጎረቤቶቹ ክፍሉን ጠርገው፣ አልጋውን አንጥፈው ጠበቁን። ሁሉም እቃ በቦታው ከገባ በኋላ ባለቤቴ ካፖርቱን አውልቆ እጅጌውን ሰበሰበ። ያደናቀፋቸውን ደፍ ፈልፍሎ አውጥቶ በቦታው ሲሚንቶ ሊያለሰልስ ነው፤ አሸዋውን ከመምጣታችን በፊት አስመጥቶታል። ኮድ ጸሐፊ እንጂ ግንበኛ አይደለምና ሲሚንቶው አንዴ ይቀጥናል፣ አንዴ ይደርቅበታል። እቴቴ በሩ አጠገብ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠው፣ በምርኩዛቸው ጫፍ እያሳዩ በዚህ በኩል ከፍ ብሏል፣ በዚያ በኩል ጎድጉዷል ይሉታል። እሱም እሺ እያለ፣ ተንበርክኮ፣ ባሉት በኩል ያለሰልሳል።